የኤልሳቤጥ ጉንጭ

"አስታማሚ ይዘው አልመጡም?" አለችኝ ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች።

"ውጭ ናት" አልኳት። ውሸቴን ነው። ውጭ ያለው ባዶ ወንበር ነው።

እኔ አባይነሽ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድዴ መድማት፣ መምገል ከጀመረ ዓመታት አለፉ። ጥርሶቼ ይነቃነቃሉ። ሽታውስ! ኧረ ተዉኝ። ራሴን የቀፈፈኝን ማን ላይ ልተንፍሰው? ስለዚህ ሰው መሳም ተውኩ። ጉንጩን ሲያስጠጋልኝ እጄን ዘርግቼ በሩቁ እጨብጣለሁ። ጎረቤቴ ኤልሳቤጥ፣ እንደ እህቴ የማያት፣ "ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንብላ" ስትለኝ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ሸሸኋት። ድሮ ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው፤ እሾሁን ለቅማ ታጎርሰኝ ነበር። በኋላ መጠየቁንም ተወችው። በቃ ሸተትኳት አልኩ።

ሐኪሟ አደንዝዛኝ ድዴን ከጥርሴ ላይ ገለጠችው። ከሥር እንደ ድንጋይ የደረቀውን ቆሻሻ ፈቀፈቀችና መልሳ ሰፋችው። ብቻዬን በባጃጅ ተመለስኩ። ያን ሰሞን የቀዘቀዘ አጥሚት እየጠጣሁ ኤልሳቤጥ ከግድግዳው ማዶ ስትስቅ እሰማ ነበር። ብቅ ብላ "እግዜር ይማርሽ" ብትለኝ ምን ነበረበት! ግን ማን ነግሯት?

ክሩ ሲወጣ ሐኪሟ "አሁን ንጹሕ ነው፣ ሽታም የለም" አለችኝ። መዳፌ ላይ ተንፍሼ አሸተትኩ። እውነቷን ነው! እልል ማለት ነው የቀረኝ። ቅዳሜ አሞራ ገደል ወርጄ ሁለት ዓሣ አስጠበስኩና የኤልሳቤጥን በር አንኳኳሁ።

ከፈተች። ጉንጬን አስጠግቼ ሄድኩባት። እሷ ግን ሸሸት ብላ እጇን ዘረጋችልኝ።

"ኤልሲ፣ አሁን እኮ አይሸትም! ታክሜያለሁ!"

"ምኑ ነው የማይሸተው?"

ሁሉንም ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"አንቺ ሴትዮ! እኔ እኮ ምንም ሸትቶኝ አያውቅም። የናቅሽኝ መስሎኝ ስንት ጊዜ አለቀስኩ። ደግሞ ስትታመሚ የማስታምምሽ እኔ አልነበርኩም?"

"ይቅር በይኝ።"

"ምንም አይደል። እንኳን ዳንሽ" አለች። ከውስጥ የሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ ምሳ ቀርቧል። "እንግዳ አለብኝ፣ ሌላ ቀን እንጫወታለን" ብላ እጄን ጨበጠችና በሩን ዘጋችው።

ቤቴ ገብቼ ዓሣውን እሾሁን እየለቀምኩ ብቻዬን በላሁት። አንድም ጥርሴ አልተነቃነቀም።