በገመድ ላይ የተሰጣ በረዶ

ፈረንጆች በሰፈሩባት የሂማላያ ከተማ፣ በላንዱር፣ ሰው «የሳሩሊ ምላስ ከሳሙናዋ ይልቅ ያጸዳል» ይላል። ሳሩሊ አጣቢ ናት። ከከተማው ሹም አዲስ ቤት ጀርባ ባለው ፀሐያማ ዳገት ላይ፣ እናቷ በዘረጋችው ገመድ ላይ የፈረንጆቹን ልብስ ታሰጣለች።

ሹሙ ታዲያ ቤቱን ከኋላው ካለው በረዷማ ተራራ ጋር ፎቶ ማስነሳት አማረው። «ፎቶው ይታይና» አለ፣ «ጨርቁ መልኩን ካበላሸው አጣቢዋ ገደል ስር ትውረድ።» ገደል ስር ፀሐይ አይደርስም፤ እዚያ የተሰጣ አንሶላ ሻጋታ እንጂ ሌላ አያበቅልም።

በቀጠሮው ቀን ፎቶ አንሺው ሚስተር ፔንፎልድ የፎቶ ማጠቢያ ጥቁር ድንኳኑን ተከለ። ጉማን ሲንግ የሚባለው ተሸካሚው ሣጥኑን አውርዶ ወደ ዳገቱ ጮኸ።

«አንቺ ሳሩሊ፣ ሰብስቢው እንጂ! ጌታዬ ሳህቡ ተራራውን ሊያነሳ ነው!»

«ተራራው እግር የለው፣ ነገ ያንሳው። ዳኛው ነገ ችሎት አለበት፤ እርጥብ የውስጥ ሱሪ የለበሰ ሰው ምን ብሎ ሊፈርድ ነው?»

«እልህሽ ከዳገቱ ያስነቅልሻል፣ ነገርኩሽ!»

«ሣጥን ተሸክመህ ፎቶ አንሺ ሆንክ? አህያም መጽሐፍ ትሸከማለች።»

አፏ ይህን ይበል እንጂ እጇ አንሶላውን ሊያወርድ ተዘረጋ። አንሶላው ግን ገና ውኃ ያንጠባጥባል፤ እርጥቡን ብትሰበስበው ይሸታል፣ ከሸተተ ደግሞ ዳገቱ ቢተርፍም ደንበኛ የለም። ፔንፎልድ ጉም ከሸለቆው ሲወጣ አይቶ መጠበቅ አልሆነለትም፤ እየተራገመ ፎቶውን አነሳ። የካሜራው መስተዋት ብርሃኑን ቀስ ብሎ እስኪጠጣ ነፋሱ አንሶላውንና በእግሩ የተሰቀለውን የዳኛውን ሱሪ አንዴ ሲነፋ፣ አንዴ ሲያጎብጥ ቆየ።

በሳምንቱ ሳሩሊ የታጠበ ልብስ ይዛ ከሹሙ በረንዳ ስትደርስ እንግዶቹ ፎቶውን ከበውታል። በየቤቱ የኋላ በር ስትመላለስ ቋንቋቸውን ለቅማ ነበርና፣ በሩ አጠገብ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። በፎቶው ላይ ሰማዩ እንደ ወተት ነጥቶ ተራራውን ውጦታል፤ አንድም ጫፍ የለም። የፔንፎልድ ፊት ቲማቲም መስሏል።

«ውይ!» አለች አንዲት ወይዘሮ። «በረዶው ጣሪያው ላይ ሊናድ ነው እኮ!»

ሁሉም ተንጠራሩ። ነፋስ ያደበዘዘው አንሶላ ከቤቱ ኋላ ተቆልሏል፤ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ግርማው የሚያስፈራ።

«ጨርቅ የሚባል አይታየኝም» አለ ሹሙ በኩራት። «እንግዲያው አጣቢዋ ባለችበት ትቆይ። ይሄ ሁለት ጫፍ ያለውስ ማን ይባላል?»

ፔንፎልድ ፎቶውን ጠጋ ብሎ አየ። ከበሩ በኩል ሳሩሊ፣ ዓይኗን በአክብሮት ሰብራ፣ «የዳኛው ተራራ ነው፣ ጌታዬ» አለች።

ከእንግዶቹ አንዱ የነበረው ዳኛው ደረቱን ነፋ። በስሙ ተራራ መኖሩን ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር።

ከበሩ ውጭ ፔንፎልድ ተከትሏት ወጣ፤ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ማክሰኞ የቄሱን ቤት አነሳለሁ... ምናልባት ገመዱን ትንሽ ከፍ ብታደርጊልኝ?»

ሳሩሊ ባዶ ቅርጫቷን አነሳች።

«ስንት ተራራ ልጠብልዎ?»