የኢፊ ቅጠል ጉንጉን

አባቴ ኪቲዮኔ፣ ንጉሡ አደኑን እስኪከለክሉ ድረስ እዚህ ቫቫኡ ደሴት ላይ ዓሣ ነባሪ በጦር ይወጋ ነበር። እኔ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ እየጠለቅሁ እንግዶችን ከዓሣ ነባሪዎች ጋር የማስዋኝ አስጎብኚ ነኝ። አባት የፈጃቸውን ልጅ ታጫውታለች እያለ ሰፈሩ ይስቅብናል። እኔ ግን አልስቅም፤ በተጣላን ቁጥር "አንተ ነፍሰ ገዳይ!" እለው ነበር።

ሐኪሞቹ በሳንባው ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት በላኩት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጀልባዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ወገቡ ላይ የተቀዳደደ ሰሌን ጠምጥሟል፤ አንገቱ ላይ የኢፊ ዛፍ ቅጠል ጉንጉን አጥልቋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ለብሶ የሚመጣ ሰው ይቅርታ ለማኝ ነው። የተበደለው ሰው "ተነስ" እስኪለው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

"ማንን ልትለምን ነው?" አልኩት።

"እናት ዓሣ ነባሪ።"

"ደረጃ መውጣት ያቃተህ ሰውዬ! ልትጠልቅ?"

"አንቺ ሳትወለጂ ጠላቂ ነበርኩ። አፍሽን ይዘሽ ንጂ!"

መንገድ ላይ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። "መጀመሪያ የምንወጋው ግልገሉን ነበር። እናት ልጇን ጥላ አትሄድም። አጠገቡ ስትንከራተት እሷን እንወጋለን።"

ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት አስጠላኝ።

ግልገል ያላት እናት አገኘን። አየር ስቦ ጠለቀ፤ ተከተልኩት። እናቲቱ ከታች ጸጥ ብላ ተኝታለች። ግልገሉ ወደ አባቴ መጥቶ ዞረው፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ትንፋሹ እስኪያልቅ እዚያው ቆየ።

ጎትቼ አወጣሁት። ሲያስል ቆይቶ አለቀሰ።

"ብትሸሸኝ ይሻለኝ ነበር፣ ሉፔ። ልጇን አምናኝ ሰጠችኝ እኮ! አታውቀኝም። የማታውቀኝን ምን ብዬ ይቅር በይኝ እላለሁ?"

ከዚያ የጀልባው ወለል ላይ ወርዶ እግሬ ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ምን እንደሚጠብቅ ገብቶኛል። አንዲት ቃል ነበረች። ግልገሉ ግን ገና ከጀልባችን አጠገብ ይተነፍስ ነበርና ልቤ ጨከነ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ቤትም ገብቶ ጉንጉኑን አላወለቀም። ቅጠሉ ደርቆ፣ ባሳለ ቁጥር ይንኮሻኮሽ ነበር። ዛሬ እለዋለሁ፣ ነገ እለዋለሁ ስል በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

አክስቴ አስከሬኑን ሊያጥቡ ጉንጉኑን ሲያወልቁ አጠገቡ ተንበረከክሁ።

"ተነስ፣ አባዬ" አልኩት።

አክስቴ ሐዘን ያሳበደኝ መስሏቸው እቅፍ አደረጉኝ።