አንድ ጥቁር፣ አንድ ቡናማ

ኮርኒስ ላይ የተደበቀን ሰው ሳይነገረው የሚያገኝ ድመት ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትል ዓመታት አለፉ፤ ክር በመርፌ ስታስገባም ትለዋለች፣ ከደንበኛ ጋር ስትጣላም ትለዋለች። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮቹ ቤቷ ሲገቡ አልጋ ሥር አላጎነበሱም፣ ቁም ሣጥን አልከፈቱም። መሰላል ይዘው መጡ፤ ከጓዳው በር በላይ ያለችውን ጣውላ ገፉ፤ መካኒክ ባሏን እግሩን ይዘው አወረዱት። በዚያው ቀረ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ።

ማን እንደጠቆመ ደግሞ ታውቃለች። ከግቢው ማዶ የምትኖረው ልብስ አጣቢ ናት። ይህን የነገራት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ጋሼ፣ አናጢው፣ አባታቸው ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት። «በመስኮት አይታው እንጂ ሌላ ማን ሊያውቅ?» አላት ለቅሶው ላይ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፊዋና አጣቢዋ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ በአንድ በር እየወጡ እየገቡ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ሳትል፣ የግቢው ልጆች አድገው አግብተው ወጡ።

ታዲያ አምና ከአሮጌው ሲኒማ ቤት ፎቅ ላይ አንድ ቢሮ ተከፈተ። የጦርነቱን ነገር በኮምፒውተር ያስቀምጣሉ ተባለ። ፎቶ ያለው ፎቶውን፣ ካሴት ያለው ካሴቱን፣ ምንም የሌለው አፉን ይዞ ይሄዳል። ፎቶው ማሽን ላይ ይነሳና ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ድምፅ ይቀዳል፤ ከዚያ በኢንተርኔት ለሰው ሁሉ ይከፈታል። አንድ ደንብ ግን አላቸው። ሰው የተናገረው እንዲሁ አይለቀቅም። ያን ቀን እዚያ የነበረ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማውና «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ይላል። እሱን «ሁለተኛ ጆሮ» ይሉታል።

ጋሼ ከማንም ቀድሞ ሄዶ ተናገረ። ሁለተኛ ጆሮ እንድትሆነው የጠራው ደግሞ እህቱን ነው።

ሰፊዋ ደስ ብሏት ሄደች። የባሏን ፎቶ በመሀረብ ጠቅልላ፣ መቃብር ለሌለው ሰው ይህም መቃብር ነው እያለች። መልኩ ይታያል፣ ስሙ ይጻፋል፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ያነበዋል። መዝጋቢዋ ቀጭን፣ አነጋገሯ የለሰለሰ ወጣት ናት። ፎቶውን በሁለት እጇ ተቀበለችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት።

«ድምፁ ከበዛብዎት ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«እማማ አትበይኝ፣ ገና ነኝ። ይልቅ ክፈቺው።»

የጋሼ ድምፅ መጣ። ጋሼ ወሬ ያምርበታል፤ ሰው ሥራ አስፈትቶ ነው የሚያወራው። መደበቂያውን በገዛ እጁ እንዴት እንደሠራ፣ ወታደሮች «የት ነው ያለው?» እያሉ ቢደበድቡት ትንፍሽ እንዳላለ፣ አጣቢዋ በኋላ እንዴት እንደጠቆመች ተናገረ። ሰፊዋ ዓይኗን እየጠረገች ራሷን ትነቀንቃለች።

«ያን ቀን እኔ ከተማ ውስጥ አልነበርኩም» አለ ድምፁ። «ብኖር አላስወስደውም ነበር። ምስኪን! ከድንጋጤ ብዛት አንድ እግሩ ላይ ጥቁር፣ አንድ እግሩ ላይ ቡናማ ጫማ አድርጎ ነው የወጣው። እሱ ነገር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።»

የሰፊዋ ራስ መነቅነቁን ተወ።

ጫማውን ያቀበለችው እሷ ናት። ባዶ እግሩን ሲያወርዱት «ጫማዬን» አላት፤ በጥድፊያ ከአልጋው ሥር የመጣላትን ሰጠችው። ባሏ፣ ቀልድ የማይተወው ሰው፣ ጫማውን አየና «ግድ የለም፣ ለሠርግ አይደለም የምሄደው» አለ። አጠለቀው፣ ወጣ። የቁልፍና የጨርቅ ቀለም ስታስማማ የምትውል ሴት ባሏን እንደዚያ አድርጋ መሸኘቷ እንደ እግር እሳት ሲያንገበግባት ኖሯል። ለለቅሶተኛ አልነገረችም። ለጋሼም አልነገረችም። የቀሩትን ሁለቱን ጫማዎች ጉድጓድ ቆፍራ ቀብራቸዋለች። ያን ቀን መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም። በሩ ላይ የቆመው መኪና ውስጥ ግን ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር።

«ልክ ነው?» አለች መዝጋቢዋ።

«እስቲ መልሺልኝ፤ ጫማው ጋ።»

መለሰችላት። ሰፊዋ እንደገና ሰማችና ማዳመጫውን አወለቀች። «ፎቶው እዚህ ይቆይ። መጣሁ» ብላ ወጣች።

ጋሼ ወርክሾፑ ውስጥ የበር ፍሬም ይልጋል። ፍቅፋቂ ጫማው ላይ ተከምሯል።

«መጣሽ? ሰማሽው? አላሳመርኩትም?»

«አሳምረኸዋል። ጋሼ፣ የጫማውን ነገር ማን ነገረህ?»

«የምን ጫማ?»

«አንድ ጥቁር፣ አንድ ቡናማ።»

«አንቺ ነሽ እንጂ ሌላ ማን ይነግረኛል?»

«እኔ አልነገርኩህም።»

«እንግዲያው ጎረቤት ነዋ። ሲወራ ሰምቼ ይሆናል። ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ?»

«የትኛዋ ጎረቤት? ያቺው ጠቋሚዋ?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ጋሼ የያዘው ስንቅ እዚያው ቆሞ አለቀበት። መላጊያውን አስቀመጠና ሠራተኞቹ ያሉበትን በር ገርበብ አደረገው።

«ልጄን ይዘውት ነበር» አለ። «ወይ የእህትህን ባል፣ ወይ ልጅህን አሉኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ አላውቅም። ያኔውኑ መጥተህ ‘እንዲህ አድርገውኝ ነው’ ብትለኝ ምናልባት አብሬህ አለቅስ ነበር። አንተ ግን የሰው ሴት አመጣህና ‘እንቺ፣ እሷን ጥዪ’ አልከኝ። ይኸው፣ አደራህን ሳልበላ ስጠላት ኖርኩ።»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙናል።» ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ሲያባብላት እንደሚያደርገው። «እህቴዋ፣ የሆነው ሆኗል። ‘ልክ ነው’ በያቸውና ፎቶው ይውጣ፣ ዓለም ይየው። እምቢ ካልሽ እኔም ቃሌን አነሳለሁ። ያኔ እሱ የትም የለም። ልናገር ብትይስ ማን ሁለተኛ ጆሮ ይሆንሻል? እኔ እንደሆን አልሆንሽም።»

ሰፊዋ ትክ ብላ አየችው። ልጁን ይዘውበት ነው፤ እሺ። ይህችን የመጨረሻዋን ግን ማንም አልያዘበትም፣ ማንም አልደበደበውም። ተቀምጦ አስቦ ነው ያዘጋጃት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የሷ ወጊ ግን ምንም አልረሳም ነበር። ደህና ዋል ሳትለው ወጣች።

ሲኒማ ቤቱ ፎቅ ላይ ስትደርስ መዝጋቢዋ ፎቶውን በማሽኑ መስታወት ላይ እንደዘረጋችው ነበር።

«ልክ አይደለም» አለች ሰፊዋ። «የሱን እናንተ አትሰርዙት፤ እሱ ካነሳው ያንሳ። የኔን ቅጂ።»

መዝጋቢዋ ማይኩን አስጠጋችላት። ሰፊዋ ኮርኒሱን ተናገረች፣ መሰላሉን፣ መኪናውን፣ ጫማውን፣ ባሏ ያላትን። የወንድሟን ስም ጠራች። ውኃ ጠጥታ ደግማ ጠራችው፣ ጥርት ብሎ እንዲሰማ። በከንቱ ስትጠላት የኖረችውን ሴትም ሳትደብቅ አወራች።

«እትዬ፣» አለች መዝጋቢዋ ሲያልቅ፣ «ሁለተኛ ጆሮ ካልተገኘ እኮ ይህ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው።»

«አውቃለሁ። እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትቆይው?»

አጣቢዋ ግቢው መሀል አንሶላ ታሰጣለች። ሰፊዋ ገመዱ ሥር ሄዳ ቆመች።

«ጤና ይስጥልኝ።»

አጣቢዋ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችና ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። «ማንን ነው? እኔን? ዛሬስ ዝናብ ሳይጥል አይቀርም፣ ልብሴን ላስገባ።»

«አንቺን ነው። የተናገርኩት ነገር አለ፤ ሲኒማ ቤቱ ፎቅ ላይ። እንድትሰሚው እፈልጋለሁ። ውሸት ከሆነ ውሸት ነው በያቸው።»

«መኪናው ውስጥ የነበረው ሰውዬ አለበት?»

ሰፊዋ የገመዱን እንጨት ያዘች። «አለበት።»

«በስሙ?»

«በስሙ።»

አጣቢዋ እርጥቡን አንሶላ ክንዷ ላይ አጠፈችው። «ጥፍሩን ሊበላ ጨርቁን ዝቅ ሲያደርግ ነው ያየሁት። ይህንኑ ልነግርሽ ለቅሶሽ ላይ ብመጣ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋሽው። ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«ይቅርታ እንዳትዪኝ ብቻ። አሁን ይቅርታ ብትዪኝ አልሄድም።» አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችው፤ እጇን በሽርጧ አደረቀች፤ ሽርጧን ፈታ መቀመጫው ላይ ወረወረችው። «በይ ቅደሚ። ከኋላዬ እንድትመጪ አልፈልግም።»

ሰፊዋ ቀደመች።