ልዩ የት ትዋል?

ስለሺ ልጁን ልዩን ቤት ቆልፎባት ሥራ መሄድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልዩ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አእምሮዋ ግን በዕድሜዋ ልክ አላደገም። እናቷ በሕይወት እያለች አብራት ትውል ነበር። እናቷ ካረፈች በኋላ አንድ ቀን ብቻዋን ወጥታ ታክሲ ውስጥ ገባችና አመሻሹ ላይ ሸጎሌ ከብት ተራ፣ አንድ እግር ጫማዋ ጠፍቶ፣ በሬዎቹ መሃል ቁጭ ብላ ተገኘች። ስለሺ በማግስቱ ቁልፍ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቁርሷን አብልቷት፣ ምሳዋን በሳህን ከድኖላት፣ አዲሱ ገበያ ወደሚሠራበት ጎሚስታ ቤት ይወርዳል። ጎማ ሲፈታም ሲለጥፍም ሐሳቡ ቤት ነው። እሳት ቢነሳስ?

አንድ ማክሰኞ ከወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጣች። ናዝሬት ትባላለች፤ ቁጣ የማታውቅ ልጅ ናት። ጎረቤት ጠቁሞ ነው።

«ጋሽ ስለሺ፣ አዲስ ደንብ ወጥቷል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ሰው ቆልፎ መሄድ ያስጠይቃል።»

«ጥሩ ነው» አለ ስለሺ ከልቡ። «ታዲያ የት ትዋል?»

ወረቀቷን ገለጠች። «የቀን መዋያ ይቋቋማል ይላል።»

«የት?»

«እ... ማለቴ፣ ለጊዜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉት ነው። ለአዋቂዎቹ አቅም በፈቀደ መጠን፣ በሂደት ነው የሚለው።»

«ቁልፉስ? እሱም በሂደት ነው?»

«እሱ ከዛሬ ጀምሮ ነው» አለች ቀና ብላ ሳታየው።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ይዟት ሄደ። የንፋስ መሙያው ሞተር ሲነሳ ልዩ ጆሮዋን ይዛ እየጮኸች ወደ አስፋልቱ ሮጠች። አንድ ሚኒባስ ለጥቂት ሳታት።

«ስለሺ» አለው የጎሚስታው ባለቤት ቶለሳ፣ «ልጅህን እወዳታለሁ። ግን ሁለተኛ ይዘሃት አትምጣ።»

ሐሙስን ቤት ዋለ። ማታ ቶለሳ ደወለና ነገ ካልገባ ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ነገረው።

ዓርብ ጠዋት ስለሺ ልጁን አጣጥቦ በቀጥታ ናዝሬት ቢሮ ወሰዳት።

«የኔ ልጅ፣ እዚሁ ትዋልልኝ። መቆለፍም መታሰርም አልፈልግም። አሥራ አንድ ሰዓት እወስዳታለሁ።»

«ኧረ ጋሽ ስለሺ! እንዴት አድርጌ?»

ዞሮ አላየም። የልዩን ፊት ካየ እግሩ እንደማይሄድለት ያውቃል። ሥራ ቦታው ደርሶ ሁለት ጎማ ቀየረ። ሦስተኛውን ጀምሮ ተወው። መፍቻውን አስቀምጦ ዳገቱን ተመለሰ።

የቢሮው በር ተቆልፏል። ከውስጥ ልዩ በሩን እየደበደበች «አባ! አባ!» ትላለች። ናዝሬት ቁልፉን ጨብጣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሦስት ጊዜ አመለጠችኝ። መጨረሻ ላይ መኪና መንገድ ላይ ነው የደረስኩባት። የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ትንሽ እስክረጋጋ ብዬ ነው... አሥር ደቂቃ ብቻ።»

ስለሺ ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው አልመጣም።

«ክፈቺላት» አለ ብቻ።

ልዩ ወጥታ ግሪስ በጠጣው ቱታው ውስጥ ፊቷን ቀበረች። ናዝሬት ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ለበላይ አካል ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያውን መስመር አነበበችለት፦ «ዛሬ እኔ ራሴ ቆልፌባታለሁ።»

«ያባርሩሻል።»

«ያባርሩኛ።»

አላባረሯትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። አስተያየቱ ደርሶናል፣ ደንቡ ሲሻሻል ከግምት ውስጥ ይገባል ይላል። ቶለሳ በስለሺ ቦታ ኢምራን የሚባል ሰው ቀጥሯል።

አሁን ስለሺ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን ሰው ብስክሌት ጎማ ይለጥፋል። ጎማ የሌለ ቀንም እዚያው ነው፤ እሱ ከተነሳ ልዩ ትወጣለች። ሽንት ቤት እንኳ እጇን ይዞ ነው የሚሄደው።

«አባ፣ ሥራ አትሄድም?» ትለዋለች አልፎ አልፎ።

«እሄዳለሁ» ይላታል። ከደጃፉ ግን አይነሳም።