ኮምፓስ የቀየሰው መንገድ

መነጽር ሠሪው አማቱን ብስክሌት ላይ አውጥቶ ክፉ ወሬ ሊነግራቸው የተነሳው በሚስቱ ምክር ነው። ሚስቱ አባቷን ታውቃለች። ሳሎን ውስጥ ከተነገራቸው ደረታቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ይጋደማሉ። ገበታ ላይ ከተነገራቸው ማንኪያቸውን ያስቀምጡና እስከ ማግስቱ አያነሱትም። ብስክሌት ላይ ግን ሁለቱም እጃቸው መሪ ይዟል፤ ደረት የሚይዙበት ሦስተኛ እጅ አልተፈጠረላቸውም። ጫካውን አልፋችሁ ሐይቁ ጋ ስትደርሱ ንገረው ብላ፣ ሻይ በፔርሙስ ሞልታ፣ ሁለቱንም በር ድረስ ሸኘቻቸው።

ወሬው ይህ ነው። በባቡር ሰባት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ያለ የዓይን ሆስፒታል የመነጽር ክፍሉን እንዲመራለት መነጽር ሠሪውን ጠይቆታል። እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋል። እሺ ካለ ሚስቱንና የስድስት ዓመት ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ ልጅቷ ደግሞ የሽማግሌው ብቸኛ የልጅ ልጅ ናት። ሳይነግሩ መሄድም ይቻል ነበር። ባልና ሚስቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ሰንብተው የደረሱበት ድምዳሜ፣ አባት አኩርፈው ከቀሩ አዲሱ ከተማ ቢያበላም አያስተኛም የሚል ነበር።

የዕለቱን መንገድ የቀየሰው የሚስቱ ወንድም ነው። ቤተሰቡ ኮምፓስ ይለዋል፤ ከተወለደ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም ስለሚባል። በዚያ ቤት ሰው ሁሉ የሚለካው በኮምፓስ ነው። በሰዓቱ የደረሰ “እንደ ኮምፓስ” ይባላል፣ የዘገየ ደግሞ “ኮምፓስ ቢሆን ኖሮ”። መነጽር ሠሪው በስምንት ዓመት ትዳሩ የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ኮምፓስ ከሦስት ሳምንት በፊት ጫካውን አቋርጦ ሐይቁ ድረስ ለብቻው ሲነዳ መንገዱን በስልኩ ቀድቶ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ልኮ ነበር፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተከተሉት ከሚል መልእክት ጋር። ዓይን ጨፍኑ የሚል ምክር መነጽር ሠሪን ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር። አላስጠረጠረውም።

መንገዱ ሲጀመር እውነትም ልብ የሚያሳርፍ ነበር። ከአስፋልቱ እንደወጡ ሰፋፊዎቹ ጎማዎች ጠጠሩን ቀስ እያሉ ያኝኩት ጀመር። ግራ ቀኙ ጥድ ነው፤ መሬቱ በደረቀ ቅጠል ተሸፍኗል፤ መኪና የለ፣ ሰው የለ፣ ከሰንሰለታቸው ሹክሹክታ በቀር ድምፅ የለ። አማቱ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጀርባቸውን እንደ ሰሌዳ ቀጥ አድርገው ነው የሚነዱት። መነጽር ሠሪው ከፊት ሆኖ መሪው ላይ ያሰረውን ስልክ ያያል። ስልኩ ላይ ኮምፓስ የላከው ሰማያዊ መስመር አለ፤ መስመሩ መሐል ላይ እንደተወሳሰበ ክር ተቋጥሯል። ቋጠሮውን ትናንት ማታ ሲያየው፣ ኮምፓስ መቼም ያለ ምክንያት አይቋጥርም፣ መልክዓ ምድር የሚታይበት ቦታ ይሆናል ብሎ አልፎታል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ጋ ደረሱ። ቅዳሜ ስለሆነ ማሽኑ አይሠራም። የሰጋቱራ ክምር፣ የተደረደረ ግንድ፣ ቀይ ትራክተር፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ ቡናማ ውሻ። ስልኩ ወደ ግራ አለ፣ ወደ ግራ ታጠፉ። ቁልቁለት ወረዱ፣ ጭቃ ረገጡ፣ ዳገት ወጡ፣ እንደገና ወደ ግራ ተባሉ። መነጽር ሠሪው በሆዱ ንግግሩን ያዘጋጃል፤ አባባ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር ነበር። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ የሰጋቱራ ክምር፣ የተደረደረ ግንድ፣ ቀይ ትራክተር።

አማቱ ከኋላ፣ ይህን መሰንጠቂያ ቅድም አላየነውም ወይ ብለው ጠየቁ። መነጽር ሠሪው ራሱም ግራ ገብቶት ነበር። ነገር ግን እንደዛሬ ባለ ቀን ጠፋሁ ብሎ መጀመር አልፈለገም፤ ቤተሰብ ይዤ አገር ልቀይር ነው የሚል ሰው መጀመሪያ ጫካ መሻገር አለበት። ስለዚህ፣ ሌላ ነው አባባ፣ በዚህ አካባቢ መሰንጠቂያ ይበዛል አላቸው። ትራክተሩም ቀይ ነው አሉ። ትራክተር መቼም ቀይ ነው አላቸው። ውሻው ጆሮው የታጠፈ ነው አሉ። መነጽር ሠሪው ማርሽ የሚቀይር መስሎ አቀረቀረ።

ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ያንኑ ጭቃ ረገጠ፤ ጭቃው ላይ ሁለት የጎማ ዱካ አየና፣ ለካ ሌላም ብስክሌት ነጂ አለ ብሎ ተጽናና። ቀረብ ሲል ግን ዱካው የራሳቸው ጎማ ሆኖ አገኘው። ቆይቶ የሚያስበው ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ይጣላበት ጀመር። መስመሩ ትክክል ከሆነ መሬቱ ተሳስቷል ማለት ነው። መሬቱ ትክክል ከሆነ ኮምፓስ ተሳስቷል ማለት ነው። በሚስቱ ቤት ከሁለቱ ለማመን የሚቀለው የመሬቱ መሳሳት ነው። ፀሐይዋ ቅድም በግራ ትከሻው ነበረች፣ አሁን ፊቱ ላይ ናት፣ ወዲያው ደግሞ ከኋላው። ስልኩ ግን ሳይጨነቅ፣ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ይለዋል።

ለሦስተኛ ጊዜ መሰንጠቂያው ጋ ሲደርሱ ውሻው መጮህ እንኳ ሰልችቶት ጅራቱን ወዘወዘ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት ከጥበቃ ቤቷ ወጥታ መንገዱ መሐል ቆመች። አምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እጇን ዘርግታ፣ ዳቦዋን እያኘከች፣ አስቆመቻቸው።

“አባቴ፣ ይውረዱና ይረፉ። አራተኛው ላይ ነው ሰው የሚያለቅሰው።”

ምን ማለትሽ ነው አላት መነጽር ሠሪው። ሴትዮዋ ግንድ ላይ አስቀምጣቸው ነገሩን አፍታታች። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ረጅም ጎልማሳ ልክ እንደነሱ ሲዞር አይታዋለች። አራት ጊዜ አለፈ። በአራተኛው ከብስክሌቱ ወረደ፣ አሁን እነሱ በተቀመጡበት ግንድ ላይ ተቀመጠ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ጠየቃት፣ ቀጥሎ የት አገር እንደሆነ ጠየቃት። ብስክሌቱን ትራክተሩ ላይ ጭና፣ ከመሰንጠቂያው ጀርባ ያለውን የታረሰ ማሳ አቋርጣ፣ ራሷ ነድታ ሐይቁ ዳር አደረሰችው። ለዘመዶቹ ትንፍሽ እንዳትል አስምሏታል። ይህን ስትናገር የሽማግሌውን ጆሮ ልብ ብላ አየችና ዳቦዋን ማኘክ አቆመች። “ያንኑ ጆሮ ነው በሰውየውም ላይ ያየሁት” አለች ቀስ ብላ። “ይቅር በሉኝ፣ ዘመዶቹ መሆናችሁን መች አወቅኩ።”

መነጽር ሠሪው ስልኩን ተመለከተ። ከቋጠሮው ወጥቶ በማሳው ላይ እንደ ፍላጻ ቀጥ ብሎ ወደ ሐይቁ የሚሄደው መስመር፣ እሱ የኮምፓስን ጉልበት ያደነቀበት መስመር፣ የትራክተር ነው። እሱ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲከተል የዋለው የሌላ ሰው መጥፋት ነው፤ ያውም ኩርባ ሳይቀር፣ አንዱንም ሳያዛንፍ።

ሴትዮዋ ነገር የቆሰቆሰች መሰላትና ውኃ ላምጣ ብላ ገባች። አማቱ ጫማቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ በእንጨት እየፋቁ ጠየቁት።

“እኔን እስከ ስንተኛው ዙር ልታዞረኝ ነበር?”

“መስመሩ እስኪያልቅ፣ አባባ።”

“መሰንጠቂያው አንድ መሆኑን አውቀህ?”

“ከሁለተኛው ጀምሮ አውቄ።”

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ገና ከመጀመሪያው ፀሐይዋ ቦታዋን ስትስት እንዳወቁ ተናገሩ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ሲላቸው፣ ልጄ የቀየሰው ነዋ፣ እኔ የማላውቀው ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ነው አሉት። ሠላሳ አራት ዓመት ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ያስተማረ ሰው ከልጁና ከፀሐይ የቱን እንደሚያምን ግራ ገብቶት ሦስቴ ዞረ። ይህን ሲሉ ይሳቁ ይዘኑ መነጽር ሠሪው መለየት አልቻለም።

ሐይቁ ገና ነበር። ነገር ግን ዛሬ አንዴ ዋሽቶ፣ አሁን ደግሞ ዋናውን ነገር ደብቆ ከዚህ ግንድ መነሳት አቃተው። ሌላም የደበቅሁዎት አለ ብሎ ጀመረ፤ ሆስፒታሉን፣ ሰባቱን ሰዓት፣ ሰኞን ነገራቸው። ያዘጋጀው ንግግር አንድም ቃሉ ትዝ አላለውም።

“ልጅቷም?” አሉ።

“ልጅቷም።”

አማቱ ደረታቸውን አልያዙም። ተነሱ፣ የፊት ጎማቸውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ሴትዮዋ ያመጣችውን ውኃ ቆመው ጠጡ፣ የሐይቁን መንገድ ሳይሆን ወደ ከተማ የሚያስወጣውን ጠየቋት። አሳየቻቸው። አመስግነው፣ ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው፣ መነጽር ሠሪውን ና ሳይሉት ነዱ።

እሱ እየተንደረደረ ሲከተል ስልኩ ጠራ፤ ሚስቱ ናት። ነገርከው አለችው፤ ነገርኳቸው አላት። እሺ አለ? አላውቅም። ተቆጣ? አላውቅም፣ ጀርባቸው ነው የሚታየኝ። ሐይቁ ጋ ናችሁ? አይደለንም። ታዲያ የት ናችሁ ስትለው እውነቱን ለማስረዳት ጊዜ እንደሌለው አይቶ ዘጋባት።

ጫካው ሳስቶ ጠጠሩ አልቆ አስፋልቱ ሊጀምር ሲል አማቱ ፍሬናቸውን ይዘው ጠበቁት። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከነፋሱ ይሁን ከሌላ አይታወቅም።

“እዚያ ከተማ ጫካ አለ?”

“አለ ይላሉ።”

“ይላሉ በለኝ ደግሞ። ልጄን ይዘህ ልትሄድ ነው፣ ይላሉ?”

መነጽር ሠሪው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ወደ ዛፎቹ ዞሩ፤ ነገ እሑድ እንደሆነ፣ የጠዋቱን ባቡር ከያዙ ቀን እንደሚደርሱ፣ አንድ ሰው አይቶት የማያውቀውን ቦታ እሺም እንቢም ሊል እንደማይችል ለዛፎቹ ተናገሩ። ይህ ምርቃት ይሁን ምርመራ ለመነጽር ሠሪው አልገባውም። ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

“ባቡሩ ብስክሌት ይጭናል?”

ይጭናል ሊል ነበር፤ ምላሱ ላይ ደርሶ መለሰው።

“አላውቅም፣ አባባ።”

“እንግዲያው ጣቢያው ሳይዘጋ ሄደን እንጠይቃለና” አሉና ፔዳላቸውን ረገጡ።