የአለቃ ወተት

«ግማሿን ብቻ'ኮ ነው ያልኩሽ!» አሉ አክስቷ፣ የኩሽናውን በር በጀርባቸው ገፍተው እየዘጉ። «እኔ ስንት ዓመት ውጬያት ተኝቻለሁ፣ ምን ሆንኩ? ወተቱ ውስጥ ሟሙታ ትጠፋለች፤ ወንድምሽ አያውቅም።»

ፋርማሲስቷ እናቷን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የአክስቷን የእንቅልፍ ክኒን በሁለት ማንኪያ መሃል አድርጋ ታደቃለች። የሌላ ሰው መድኃኒት ለሌላ ሰው በገዛ እጇ ስትሰጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ጢም ብሏል። ጥጉ ላይ ወንድሟ ይጮኻል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም። ጠዋት ለእንግዳ መቀመጫ ሲመቻች የእናቱ የስፌት መኪና ወደ ጓዳ ተወስዷል። ከዚያ ወዲህ ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ ግድግዳውን በመዳፉ ይደበድባል።

እናታቸው «አለቃ» ነበር የሚሉት። እሱ ካልፈቀደ እዚህ ቤት ወንበር እንኳ ንቅንቅ አይልም ነበር። እሳቸው ሲሰፉ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ የሸሚዝ ቁልፎችን በየቀለማቸው ይለያል። ወተት ሲሰጡት ኩባያውን መልሶ ይዘረጋላቸዋል፤ ፉት ይሉለታል፤ ከንፈራቸው ባረፈበት በኩል አዙሮ ይጠጣል። ለሌላ ሰው፣ ለእህቱም ቢሆን፣ ዘርግቶ አያውቅም።

«የሚያለቅሰው'ኮ ለመኪና ነው» አሉ አክስቷ። «እናቱ መሞቷን የት አውቆ! ይተኛና ይረፍ።»

«እሱ ይረፍ ወይስ እኛ እንረፍ?»

«በሠርግሽ ጊዜ እንዲህ አላልሽም።»

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሠርጓ ጠዋት፣ ክኒኑን ያመጣችው ራሷ ነበረች። እናቷ ወተቱ ውስጥ በጠበጡት። አለቃ እንደ ልማዱ ዘረጋላቸው፤ ዓይኑ እያየ ፉት አሉ፤ እሱም ጨለጠው። እስከ ማግስቱ ተኛ። ሠርጉ ያለ ኮሽታ አለፈ፤ ሁሉም እሰይ አለ። በሳምንቱ እናቷ ጨርቅ እየቀደዱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አምኖኝ'ኮ ነው የጠጣው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«ኧረ አንድ ነገር አድርጉ!» አለ አጎቷ ከሳሎን።

የደቀቀውን ክኒን ወተቱ ውስጥ በጠበጠችው። ኩባያውን ይዛ ሳሎን ገባች። አለቃ ግድግዳውን መምታት አቆመ። ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀበላት፣ አሸተተው፣ ከዚያ መልሶ ወደ አፏ ዘረጋላት።



«ፉት በይለታ!» አሉ አክስቷ ከኋላዋ በሹክሹክታ። «አንቺን ምንም አታደርግሽም።»

«አውቋል» አለች።

«ምኑን?»

«እናቴ እንደሌለች። ባያውቅ ለእኔ ይዘረጋ ነበር?»

ኩባያውን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደች። ኩሽና ገብታ ወተቱን ደፋችው፤ ኩባያውን ሦስት ጊዜ አጠበችው። አክስቷ ተከትለው መጡ።

«ሰው ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል።» ወደ ሳሎን ተጣራች፦ «አጎቴ! መኪናውን መልስልኝ፤ እንግዶቹ ትንሽ ጠጋ ይበሉ።»

መኪናው ቦታው ገባ። እሷ የእናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አለቃ እግሯ ሥር ቁጭ አለ። ንጹሕ ወተት ሰጠችው። እንደገና ዘረጋላት። እንባዋ እየወረደ ፉት አለች።

አለቃ ኩባያውን አዙሮ፣ ከንፈሯ ባረፈበት በኩል ጠጣ።