ስርዝ ድልዝ የሌለበት መዝገብ

ጣውላ መሸጫው ውስጥ ጭነት የሚያወርዱት ሰዎች «ምስማር» የሚል ስም ያወጡለት፣ አንድ ቀን ሦስት ምስማር ጎደለ ብሎ ሱቁን ሙሉ በጉልበቱ ስለዳኸ ነው። ሲጠሩት ይቆጣል እንጂ በልቡ ይኮራበት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሱቁን መዝገብ ሲይዝ አንዲት የሞራሌ እንጨት ሳትጻፍ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ከስምንተኛ ክፍል ጎትተው ያስወጡት ሰው ይህን ካወቀ፣ እስከ መጨረሻው ቢያስተምሩት የት በደረሰ? ይህችን ጥያቄ እንደ ማስቲካ ሲያላምጣት ነው የኖረው። «ከሁለት ወንድማማች አንዱ ይማር» ተባለና የተማሩት ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። እሱ ጣውላ ተሸከመ።

አባታቸው ሲሞቱ ቤቱ ተሸጦ ለእያንዳንዳቸው አሥራ ስምንት ሺህ ደረሳቸው። ጋሼ «አንድ ላይ እናድርገውና ጣውላ እንነግድ፤ የወንድም ነገር ምን ወረቀት ይፈልጋል» አሉ። ንግድ ፈቃዱ በጋሼ ስም ወጣ። ምስማር አዲሱን መዝገብ ገለጠና የመጀመሪያው ገጽ ላይ «መነሻ ካፒታል፣ ሠላሳ ስድስት ሺህ፣ ከጋሼ» ብሎ ጻፈ። የራሱን ስም ከታላቁ ስም ጎን ማስፈር፣ ታላቅ ሳይቀመጥ ወንበር እንደ መያዝ ሆኖ ታየው። ጋሼ አዩት። «እጅ ጽሑፍህ እንዴት ያምራል» አሉ። ገጹንም ገለበጡት።

የደመወዙም ነገር እንዲሁ ነው። «በወር የሆነ ነገር ይቆረጥልህ?» ሲሉት ፊቱን አጠቆረ።

«በገዛ ቤቴ ተቀጣሪ ልሁን እንዴ፣ ጋሼ?»

ከዚያ ወዲህ ለቤት ኪራይ፣ ለሚስቱ ሕክምና፣ ለልጁ ደብተር ሲቸግረው ከመሳቢያው ያወጣል። ባወጣ ቁጥር በዱቤው ገጽ ላይ «እኔ ወሰድኩ» ብሎ እስከ ሳንቲሟ ይጽፋል። ሌባ አይጽፍም፤ የጻፈ ሌባ አይደለም። የእሱ ሕግ ይህ ነበር።

ጋሼ ለደንበኛ ሲያስተዋውቁት «ልጁ ያሳይዎታል» ይላሉ፤ ልጁ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። የጋሼ ልጅ ሲዳር የመጠጥ ክፍሉን ቁልፍ አስይዘውት ስለዋለ ሙሽሮቹን ያየው በፎቶ ነው። ሁሉንም ዋጠው። ምን ያድርግ፣ ሱቁ የጋራ ነዋ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ መነጽራቸውን እየጠረጉ «ሱቁን ልሸጠው ነው» አሉት። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ሐሙስ የገዢው ሒሳብ ሠራተኛ መጥቶ መዝገቡን ያያል።

«የእኔስ ነገር፣ ጋሼ?»

«መዝገቡ የሚልህን ትወስዳለህ። የያዝከው አንተ፤ ማን ይበድልሃል?»

ምስማር መዝገቡን በብብቱ አድርጎ ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ መሬት አልነካም። የሱቁ ግማሽ ሁለት ክፍል ቤት ይገዛል። አከራይ «በር ቀስ ብላችሁ ዝጉ» የማይልበት ቤት።

አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጁ አልጋ ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ለአካውንቲንግ ፈተና ትዘጋጃለች። መዝገቡን ፊቷ ዘረጋው።

«የሌለ ነጋዴ ሒሳብ ምን ይሠራልሻል? እውነተኛው ይኸውልሽ። በዚህ ተለማመጂ።»

«ስህተት ባገኝ አታኮርፍም፣ አባዬ?»

«ስህተት ካገኘሽ ሌላ ስም አውጪልኝ።»

«ያወጡልህ አንሶ ነው?»

እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች። ልጅቷ አንድ ገጽ በመስመር ለሁለት ከፈለች።

«አስተማሪያችን ምን ይላል መሰለህ፤ ሱቁን ራሱን እንደቻለ ሰው ቁጠሩት። ባለቤቱ ሌላ፣ ሱቁ ሌላ። ሱቁ ያለው ሀብት በሙሉ ወይ ከባለቤቱ ነው የመጣው፣ ወይ ከአበዳሪ። ስለዚህ ዕዳና ካፒታል ሲደመሩ ከሀብቱ ጋር እኩል መምጣት አለባቸው።»

«ይመጣላ።»

ጣውላውን፣ ኮምፔንሳቶውን፣ ባንክ ያለውን፣ ዱቤውን እየደመረች ከሰዓቱን ሙሉ ስትሠራ ዋለች። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እንደ ተፈታኝ ላቡን ይጠርጋል። በመጨረሻ እርሳሷን አስቀመጠች።

«እኩል መጣ።»

«አላልኩሽም?»

«ግን አባዬ፣ አንተ የት ነህ?»

«እንዴት የት ነህ? በየገጹ አለሁ አይደለም እንዴ?»

«በየገጹ ያለኸው ከተበዳሪዎቹ ጋር ነው። ሱቁ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሺህ ይፈልግብሃል። ባለቤት የተባለው አጎቴ ብቻ ነው።»

ምስማር ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው።

«ማንኛውም ነገር ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንዱ ሲቀበል ሌላው ሰጥቷል። አንተ የወሰድከውን ብቻ ጻፍክ። የሰጠኸው የታለ? አሥራ ስምንት ሺው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራኸው?»

«የወንድም ነገር ይጻፋል እንዴ?»

«የወሰድከውስ ከወንድምህ አልነበረም? እሱን ለምን ጻፍከው?»

ታማኝ ለመባል ነበር የጻፈው፤ ታማኝ ያለው ግን ማንም የለም።

ሚስቱ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከካፒታሉ ሥር፣ ሁለት ባዶ መስመር አለ። በጣቷ አሳየችው።

«ጻፋ። እጁ ያንተው፣ እውነቱም ያው እውነት።»

ብዕሩን አነሣ። የዱሮው ቀለም ሻይ የፈሰሰበት መስሏል፤ አዲሱ ገና ሲያርፍ ይጮኻል። ደግሞ በሕይወቱ ሰው ያደነቀለት ነገር ቢኖር ይህ ስርዝ ድልዝ የሌለበት መዝገብ ነው። ብዕሩን ከደነው።

«ጋሼ ያውቃሉ» አለ። «አፋቸውን ሞልተው ይመሰክሩልኛል።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ሚስቱ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ሐሙስ የመጣው ሒሳብ ሠራተኛ ለጋ ወጣት ነው፤ ከሒሳብ ማሽኑ ዐይኑን አይነቅልም። ጋሼ በአንዱ ወንበር፣ ምስማር በሌላው ተቀመጡ፤ ወጣቱ ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገጽ አገላበጠ።

«እንዲህ የጠራ መዝገብ ዐይቼ አላውቅም። ማነው የያዘው?»

«ልጁ ነው» አሉ ጋሼ።

ምስማር ጉሮሮውን ጠረገ። «ከመነሻው ግማሹ የእኔ ነው።»

ወጣቱ የመጀመሪያውን ገጽ አዞረለት። «ይሄ እጅ ጽሑፍ የማን ነው፣ ጋሼ?»

ምስማርን በዕድሜው ጋሼ ያለው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«የእኔ።»

ከዚያ ወንድሙን አየ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን ይጠርጋሉ።

«ደመወዝ ይቆረጥልህ ብዬህ አልነበር? እንቢ ያልከው አንተ። የሰጠኸኝ ነገር ቢኖርም ደግመህ ደጋግመህ አውጥተህ በልተኸዋል፤ እኔ ሳልሆን መዝገቡ ነው የሚናገረው።» መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ዕዳውን ግን ትቼልሃለሁ። ወንድሜ አይደለህ?»

የተማረ ሰው ሲበድል እንዲህ ነው። ቢክዱት ሰድቧቸው ይወጣ ነበር። እሳቸው ግን ይቅር አሉት፤ ይቅር የተባለ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይሳደባል?

«ዕዳው መተዉ ይጻፍልኝ» አለ ወጣቱ። «በእርስዎ እጅ ቢሆን ጥሩ ነው፣ መዝገቡ እንዳይዘበራረቅ።»

ምስማር ጻፈ። ልጁ እንዳሳየችው በሁለቱም በኩል፣ የሰጠውንም የተቀበለውንም፣ በሚያምረው እጅ ጽሑፉ።

ወጣቱ የንብረት ዝርዝሩን ማመሳከር ጀመረ። መጋዝ፣ አራት። ሚዛን፣ አንድ። ሜትር፣ አንድ። ሜትሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከምስማር ቀበቶ ላይ ወርዶ አያውቅም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ግን ራሱ ነው። ፈታና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ወጣቱ ምልክት አደረገ።

የሚቀጥለው መስመር «ወንበር፣ ሁለት» ይላል። በአንዱ ጋሼ ተቀምጠዋል።

ምስማር ተነሣ።